ሸክምን ለንፋስ ያሸከመው የእንስሳት ሐኪም

ረጅም መንገድ ለመጓዝ የሚሠሩትን ከባድ ሞተር ብስክሌቶች በፊልምም ይሁን በአካል ያላየ ሰው የለም። ከፊት ሰፊ የንፋስ መከላከያ መስታወት፣ ከኋላና ከጎን ትልልቅ የዕቃ ሣጥኖች፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ እንደ ሶፋ የተመቸ መቀመጫ አላቸው። ከእነዚህ ሞተሮች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሆንዳ ጎልድ ዊንግ፣ የመንገዱን ንቅናቄ የሚችሉት በብረት ሞላ ብቻ ሳይሆን በታመቀ አየር ጭምር ነው። ነጂው ብቻውን ሲሄድ አየሩን ይቀንሳል፤ ከኋላው ሰው ሲያፈናጥጥና ሣጥኖቹን ሲሞላ ደግሞ ይጨምራል። አየሩ ካነሰ የሞተሩ ኋላ ይወርድና ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ከታች ይመታል። ከበዛ ደግሞ በእያንዳንዷ ጠጠር ላይ ይዘላል።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አየሩ የሚታመቅበት ቦታ በጣም ጠባብ ስለሆነ በጎሚስታ ቤቱ ትልቅ ኮምፕረሰር ለአንድ አፍታ እንኳ ቢነፋ ግፊቱ ከልክ ያልፍና ውስጥ ያለውን ጎሚኒ ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ በትንሽ የእጅ ፓምፕ ቀስ እያሉ መሙላት፣ ሞተሩ ከመንገድ ገብቶ ሳይሞቅ መለካት፣ መለኪያው ሲነቀል የምታመልጠውን ትንሽ አየር እንኳ ማሰብ ያስፈልጋል። በጥቂት ትንፋሽ ልዩነት ጉዞው ይመቻል ወይም ይበላሻል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የቆመው በአንድ አሳብ ላይ ነው። ንፋስ ሸክም መሸከም ይችላል፤ ነገር ግን ልኩን ሲያገኝ ብቻ ነው። ታዲያ ይህን አሳብ ከወረቀት አውጥቶ በዓለም መንገዶች ላይ ያስኬደው ሰው ሞተረኛ አልነበረም። መሐንዲስም አልነበረም። የፈረስና የከብት ሐኪም ነበር። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። በጎማ ጎን ላይ፣ በቴኒስ ኳስ ላይ ተጽፎ አይተነዋል፤ ደንሎፕ። ስሙን እንጂ ሰውየውን ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? እኔም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት እስክነሳ ድረስ ደንሎፕ የፋብሪካ ስም እንጂ የሰው ስም አይመስለኝም ነበር። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ የዚህን ሰው ሕይወት ከልደቱ ጀምረን እንየው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከእርሻ ቤት እስከ ቤልፋስት

ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተወለደው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1840 ዓ.ም. በስኮትላንድ፣ ኤርሻየር በተባለው አውራጃ፣ ድሬግሆርን በምትባል መንደር ነው። ቤተሰቦቹ ገበሬዎች ነበሩ። ጊዜው ሳይደርስ፣ ሁለት ወር ቀድሞ እንደተወለደ ወላጆቹ ነግረውት ስለነበር ዕድሜውን ሙሉ ጤናዬ ደካማ ነው ብሎ ያምን ነበር። በዚህ የተነሳ ሩጫና ግርግር አይወድም፤ ራሱን እንደ ዕንቁላል ይጠብቅ ነበር። የሚገርመው ግን ይኸው ደካማ ነኝ ባይ ሰው ይህ ነው የሚባል ከባድ ሕመም ሳያገኘው ከሰማንያ ዓመት በላይ መኖሩ ነው።

በኤድንበራ የእንስሳት ሕክምና ተምሮ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ ሐኪም ሆነ። በዚያ ዘመን የእንስሳት ሐኪም መሆን ቀላል ነገር አልነበረም። ከባቡር በቀር በምድር ላይ የሚንቀሳቀሰው ነገር ሁሉ የሚጎተተው በፈረስ ነው። የዛሬ መካኒክ የሚሠራውን ያን ጊዜ የሚሠራው የፈረስ ሐኪም ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ፈረስ ሲያነክስ ንግድ ይቆማል።

ደንሎፕ በ1867 ባሕር ተሻግሮ ወደ አየርላንድ ሄደ። መጀመሪያ ዳውንፓትሪክ በምትባል ከተማ ከወንድሙ ጋር ሠራ፤ ኋላም ወደ ትልቋ ከተማ ወደ ቤልፋስት ገባ። ሥራው ሰመረለት። አገባ፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለደ። በ1880ዎቹ አጋማሽ በአካባቢው የታወቀ፣ ብዙ ደንበኛ ያለው፣ ረጅም ጺም ያሳደገ፣ ዝምተኛና ትሑት ሰው ሆኖ ነበር። በቃ፣ ሕይወቱ በዚሁ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሳ አንድም ሰው ባልኖረ።

የልጅ መጫወቻ

ነገሩ የጀመረው በልጅ መጫወቻ ነው። የደንሎፕ ልጅ ጆኒ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነበረው። የቤልፋስት መንገዶች ደግሞ በጥርብ ድንጋይ የተነጠፉ ነበሩ። የብስክሌት እግር በዚያን ጊዜ ወይ ብረት ነው ወይ ድፍን ጎማ የለበሰ ብረት ነው። ልጁ በዚያ ድንጋይ ላይ ሲነዳ አጥንቱ እስኪነቃነቅ ይንገጫገጫል። አባት ይህን እያየ ማሰብ ጀመረ። እንዴት አድርጌ ላለስልሰው? እንዴትስ ላፍጥንለት?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በዘመኑ የነበረው እምነት ለስላሳ ነገር ዘገምተኛ ነው የሚል ነበር። ጠንካራ እግር በጠንካራ መንገድ ላይ ይፈጥናል፤ ለስላሳ ግን ይለጠፋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ነገሩ ሲመረመር ግን እንዲህ አይደለም። ጠንካራ እግር ጠጠር ሲያገኝ መላው ብስክሌት ከነነጂው ወደ ላይ ይነሳል። ያ ማንሳት ጉልበት ነው፤ ከፍጥነቱ ላይ የሚቀነስ ጉልበት። በአየር የተሞላ ጎማ ግን ጠጠሯን ራሱ ውስጥ ይውጣትና ያልፋል። ጎማው ይጎደጉዳል እንጂ ብስክሌቱ አይነሳም። የተጨመቀውም አየር ወዲያው ተመልሶ ይለጠጣል። ስለዚህ በሸካራ መንገድ ላይ ለስላሳው ይፈጥናል ማለት ነው።

በኦክቶበር 1887 ደንሎፕ በቤቱ ግቢ ውስጥ ሙከራውን አደረገ። ስፋቱ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ክብ እንጨት አዘጋጀ። ከስስ የጎማ ሉህ ቱቦ ሠርቶ በዙሪያው አሰረበትና ንፋስ ሞላው። ከዚያ የልጁን ብስክሌት አንዱን የብረት እግር ነቀለና ሁለቱን ጎን ለጎን በግቢው ውስጥ አንከባለላቸው። ብረቱ ትንሽ ሄዶ ወደቀ። ንፋስ የተሞላው ግን ግቢውን አቋርጦ ሄደ፤ ከበሩ ምሰሶ ጋር ተጋጭቶም ነጥሮ ተመለሰ። ለጎማ ታሪክ ትልቁ ቀን እንግዲህ ይህ ነው። ጋዜጠኛ አልነበረም፣ ጭብጨባም አልነበረም። አንድ ባለ ጺም ሐኪምና አንድ ክብ እንጨት ብቻ ነበሩ።

ቀጥሎ የልጁን ብስክሌት ሁለት የኋላ እግሮች ንፋስ ባለው ጎማ አለበሰ። ልጁም ነዳው፤ ሠራ። ከዚያ ወደ ትልቅ ብስክሌት ተሸጋገረ፤ ውጤቱ ከመጀመሪያውም በለጠ። ደንሎፕ የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ ዲሴምበር 7 ቀን 1888 ተሰጠው። ዕድሜው 48 ነበር። ብዙ ሰው ስለ ጡረታ ማሰብ በሚጀምርበት ዕድሜ እሱ አዲስ ሕይወት ጀመረ።

የተሳቀበት ብስክሌት

ፈጠራ ብቻውን ምን ያደርጋል? ሰው ካላየው የለም ማለት ነው። ደንሎፕም ይህ የገባው ይመስላል። በቤልፋስት የአንድ ብስክሌት ክለብ አምበል የነበረው ዊሊ ሂዩም ንፋስ ያለው ጎማ የተገጠመለት ብስክሌት ገዛ። ከሕዝቡ መካከል የመጀመሪያው ገዢ እሱ ነው። ደንሎፕ በዚህ ብስክሌት ለምን አትወዳደርበትም አለው።

ሜይ 18 ቀን 1889 በቤልፋስት ኩዊንስ ኮሌጅ የስፖርት ውድድር ተደረገ። ሂዩም ያንን ወፍራም፣ ያበጠ የሚመስል ጎማ ይዞ ሲቀርብ ተመልካቹ ሳቀ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ቀጭንና ድፍን ጎማ ነበራቸው። ውድድሩ ሲያልቅ ግን የሚስቅ አልተገኘም። ሂዩም የገባባቸውን አራቱንም የብስክሌት ውድድሮች አሸነፈ። ጥቂት ቆይቶ ወደ እንግሊዝ፣ ሊቨርፑል ተሻግሮም ከአንዱ በቀር ሁሉንም ወሰደ።

ከተሸናፊዎቹ መካከል የሃርቪ ዱ ክሮስ ልጆች ይገኙበታል። ዱ ክሮስ በደብሊን የወረቀት ነጋዴ ሲሆን የአየርላንድ ብስክሌተኞች ማኅበር ፕሬዚዳንትም ነበር። ሌላ አባት ቢሆን ልጆቼ ተሸነፉ ብሎ ይናደዳል። ዱ ክሮስ ግን ልጆቹን ያሸነፈውን ጎማ አየ። ነጋዴ ማለት እንዲህ ነው! በዚያው በ1889 በደብሊን ኩባንያ ተቋቋመ፤ ዱ ክሮስ መሪ፣ ደንሎፕ የመብቱ ባለቤት ሆነው አብረው ገቡ። ብስክሌተኛ ነኝ የሚል ሁሉ ከዚያ በኋላ ያለ ንፋስ ጎማ መወዳደር ሞኝነት መሆኑን ተረዳ።

ፊት የበቀለ ጆሮ

አሁን ወደ ታሪኩ መራራ ክፍል መጣን። መብቱ ከተሰጠው ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ለደንሎፕ አንድ መርዶ ደረሰው። የፈጠራ መብትህ ዋጋ የለውም፤ ካንተ በፊት ሌላ ሰው ሠርቶታል ተባለ።

ያ ሌላ ሰው ሮበርት ዊልያም ቶምሰን ይባላል። እሱም ስኮትላንዳዊ ነው፤ በ1822 ስቶንሄቨን በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። በ1845፣ ደንሎፕ የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ ቶምሰን በ23 ዓመቱ ንፋስ ያለበትን ጎማ አስመዘገበ። በፈረንሳይና በአሜሪካም መብቱን አወጣ። በ1847 በለንደን ሪጀንትስ ፓርክ በፈረስ በሚጎተት ሠረገላ ላይ ገጥሞ ለሕዝብ አሳየ። ሠረገላው ያለ ድምፅ ተንሸራተተ፤ ፈረሱም ቀለለው። አንዱ የጎማ ጥንድ 1,200 ማይል ሄዶ አልተበላሸም። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ግን ቶምሰን ጊዜው አልደረሰለትም። ለእንዲህ ያለ ጎማ የሚሆን ስስና ጥሩ ላስቲክ ውድ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብስክሌት የለም፤ መኪና የለም። ሠረገላ ያለው ሀብታም ፈረሱ ደከመ አልደከመ ብዙ አይገደውም። ስለዚህ ቶምሰን ራሱ ነገሩን ትቶ ወደ ድፍን ጎማና ወደ እንፋሎት ተሽከርካሪ ፊቱን አዞረ። በ1873 ኤድንበራ ውስጥ ሞተ። ደንሎፕ ግቢው ውስጥ እንጨት ከማንከባለሉ አሥራ አራት ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ አገር ተወልደው አንዱ ስለ ሌላው ሥራ ምንም አላወቀም። ፊት የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ደንሎፕ ሌባ ነበር ወይ? አይደለም። ከማንም አልቀዳም። በራሱ አሳብ፣ በራሱ እጅ፣ ለራሱ ልጅ ነው የሠራው። ቢሆንም የመጀመሪያው አልነበረም። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች በዚህ ነጥብ ላይ ቆም ማለት ያለብን ይመስለኛል። በየጋዜጣው የመጀመሪያው፣ ብቸኛው፣ ታላቁ የሚሉ ቃላት እንደ ጨው ይበተናሉ። መዝገብ ቤት ገብቶ ያረጋገጠ ግን ጥቂት ነው። የደንሎፕን መብት ያፈረሰው አርባ ዓመት አቧራ የጠጣ አንድ መዝገብ እንጂ የተቀናቃኝ ተንኮል አልነበረም። ማንም ቀድሞ ቢያየው ኖሮ ነገሩ በጊዜ ይታወቅ ነበር።

ኩባንያው ግን አልሞተም። ዋናው መብት ሲፈርስ ዱ ክሮስ ሌሎች መብቶችን ሰበሰበ። የደንሎፕ የመጀመሪያ ጎማ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው። በጨርቅ ተጠቅልሎና በሙጫ ተጣብቆ ከቸርኬው ጋር አንድ ይሆን ስለነበር ሲፈነዳ መጠገን ስቃይ ነው። በ1890 ቻርልስ ዌልች የተባለ እንግሊዛዊ በጎማው ጠርዝ ውስጥ ሽቦ አስገብቶ ከቸርኬው ጋር የሚገጥምበትን መንገድ አመጣ፤ በዚያው ዓመት ዊልያም ባርትሌት የተባለ ሌላ ሰው በጎማው ጠርዝ ቸርኬውን ቆንጥጦ የሚይዝ ሥራ አስመዘገበ። ኩባንያው ሁለቱንም መብቶች ገዛ። በፈረንሳይ ደግሞ የሚሽላን ወንድማማቾች አንድ ብስክሌተኛ የፈነዳ ጎማ ይዞባቸው መጥቶ ለመጠገን ሰዓታት ከፈጀባቸው፣ ሙጫውም እስኪደርቅ ሌሊቱን ካሳደራቸው በኋላ በ1891 በቀላሉ የሚወልቅ ጎማ አወጡ። ዛሬ ጎሚስታው በሁለት ብረት ፈልቅቆ ከመነዳሪውን የሚያወጣው፣ ለጥፎና ነፍቶ የሚመልሰው የእነዚህን ሁሉ ሰዎች ድካም ተሸክሞ ነው። ጎማ የአንድ ሰው ፈጠራ አይደለም።

ስሙ ቀረ፣ ሰውየው ሄደ

ደንሎፕ በ1892 የሕክምና ሥራውን ትቶ ለኩባንያው ለመቅረብ ወደ ደብሊን ተዛወረ። ግን ንግድ የእሱ ዓለም አልነበረም። በ1895 ከኩባንያው ራሱን አገለለ፤ ድርሻውንም ሸጠ። በዓመቱ፣ በ1896፣ ዱ ክሮስ ኩባንያውን ቴራህ ሁሊ ለተባለ የገንዘብ ሰው በሦስት ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠው። ሁሊም ወዲያው ለአክሲዮን ገበያ አቅርቦ አምስት ሚሊዮን ፓውንድ አወጣበት። በዚያ ዘመን ይህ ገንዘብ ለመቁጠርም የሚከብድ ነበር። ደንሎፕ ከዚህ ሁሉ አልቀመሰም። እሱ በደብሊን በአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ንግድ ውስጥ ድርሻ ይዞ ጸጥ ብሎ ይኖር ነበር። አልደኸየም፤ ሆኖም ዓለም የሚያስበውን ያህል ሀብታም አልሆነም።

ስሙ ግን ከእሱ ጋር አልወጣም። በጎማው ላይ ቀረ፤ ፊቱም አብሮ ቀረ። ኩባንያው የጺማሙን ሰው ምስል የንግድ ምልክት አደረገው። ኋላ በወጡ ማስታወቂያዎች ላይ ያ ትሑት የእንስሳት ሐኪም ረጅም ባርኔጣ ደፍቶ፣ ከዘራ ይዞ፣ የሚያጌጥና የሚንቀባረር ጎረምሳ መስሎ ይሳል ጀመር። ደንሎፕ ተቆጣ። ዕድሜው ወደ ሰማንያ ሲጠጋ የገዛ ስሙን የተሸከመውን ኩባንያ ከሰሰ። ክርክሩ እስከ ጌቶች ምክር ቤት፣ ማለትም እስከ እንግሊዝ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ደረሰ። መዝገቡ ደንሎፕ ከደንሎፕ ጋር የተሟገተበት ሆኖ እስከ ዛሬ በሕግ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ሰው ስሙን ከሸጠ በኋላ ፊቱን ማስመለስ ይችላል ወይ? የሰውየው ጥያቄ ይህ ነበር። የሰው ፎቶ እያነሳን በየገጹ ለምንለጥፍ ለእኛም ጥያቄው ሩቅ አይደለም።

ከጎማው በስተጀርባ

አንድ ነገር ሳላነሳ ብዘል ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ንፋስ ያለው ጎማ ብስክሌቱን፣ በ1890ዎቹም መኪናውን ሲያለብስ ዓለም ላስቲክ ጠማው። ላስቲኩ የሚመጣው ከሞቃት አገር ደን ነው። በአፍሪካ ልብ፣ በኮንጎ፣ የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ዳግማዊ ከ1885 ጀምሮ አገሩን እንደ ግል እርሻ ይዞ ነበር። መንደርተኛው የተወሰነ መጠን ላስቲክ ከዱር ሐረግ አልቦ እንዲያመጣ ይገደድ ነበር። ካላመጣ ሚስቱና ልጆቹ ይታገታሉ፤ መንደሩ ይቃጠላል፤ ወታደሮችም የተኮሱትን ጥይት ለማስመስከር የሰው እጅ ይቆርጡ ነበር። በአውሮፓ መንገድ ላይ ለስላሳ የሆነው ጉዞ በኮንጎ እንዲህ ያለ ሸክም ነበረው።

ይህን ያጋለጡት እነማን ነበሩ? ኤድመንድ ሞሬል የሚባል የመርከብ ድርጅት ጸሐፊ ወደቡ ላይ ሆኖ መዝገብ ሲያይ፣ ከኮንጎ የሚመጡት መርከቦች ላስቲክና የዝሆን ጥርስ ጭነው፣ የሚመለሱት ግን በአብዛኛው ጠመንጃና ጥይት ይዘው መሆኑን አስተዋለ። ንግድ ከሆነ ክፍያው የት አለ ብሎ ጠየቀ። ሥራውን ትቶ ጋዜጠኛ ሆነ። በደብሊን አጠገብ የተወለደው የእንግሊዝ ቆንስል ሮጀር ኬዝመንትም ደኑ ድረስ ገብቶ ያየውን በ1904 በሪፖርት አወጣ። አሊስ ሲሊ ሃሪስ የተባለች ሚስዮናዊት ያነሳቻቸው ፎቶግራፎች በየአዳራሹ ታዩ። በ1908 ሊዮፖልድ ኮንጎን ከእጁ አወጣ።

ደንሎፕ በዚህ ውስጥ እጁ የለበትም፤ ከኩባንያው የወጣውም ቀደም ብሎ ነው። ልጁ እንዳይንገጫገጭ ያሰበ አባት በኮንጎ የሆነውን ሊገምት አይችልም። ግን አንድ ነገር ከእጃችን ከወጣ በኋላ ሸክሙ በማን ላይ እንደሚያርፍ ካልጠየቅን የምንጽፈው የሕይወት ታሪክ ውዳሴ ብቻ ይሆናል። ውዳሴ ደግሞ ታሪክ አይደለም።

መጨረሻው

ጆን ቦይድ ደንሎፕ በኦክቶበር 1921 ብርድ መታው። ዕድሜውን ሙሉ የፈራው ሕመም በመጨረሻ መጣ ማለት ነው። በዚያው ወር 23ኛ ቀን በደብሊን ቤቱ በ81 ዓመቱ አረፈ፤ በዲንስ ግሬንጅ መቃብር ተቀበረ። የጎማውን ታሪክ ራሱ ጽፎት ስለነበር መጽሐፉ ከሞቱ በኋላ ታተመ። ዓመታት አልፈው የሰሜን አየርላንድ አንድ ባንክ ምስሉን በአሥር ፓውንድ ኖት ላይ አሳተመ። እዚያ ላይ ያለው እንግዲህ ባርኔጣና ከዘራ የሌለው፣ ጺሙን ያሳደገው ሐኪም ነው። የቶምሰን ስም ግን ከትውልድ ከተማውና ከታሪክ አዋቂዎች ውጪ እስከ ዛሬ ብዙም አይነሳም።

እንግዲህ ደንሎፕን ምን እንበለው? የንፋስ ጎማን የፈጠረ የመጀመሪያው ሰው ካልነው ቶምሰንን እንበድላለን። ምንም አላደረገም ካልን ደግሞ እሱን እንበድላለን። ልኩ ይህ ይመስለኛል፤ ደንሎፕ የተረሳን ነገር ሳያውቅ እንደገና ያገኘ፣ ጊዜው በደረሰ ሰዓት በሰው ፊት ያስመሰከረና ከዚያ ወዲያ ዓለም እንዳይረሳው ያደረገ ሰው ነው። ይህም ትንሽ አይደለም።

መጀመሪያ ወዳነሳነው ሞተር ብስክሌት እንመለስ። ያ ነጂ ከመንገድ በፊት ተንበርክኮ በእጅ ፓምፑ አየር ሲጨምር፣ መለኪያውን ሲያይ፣ ትንሽ ሲያስተነፍስ፣ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሸክሙን የሚመጥን ልክ። ከልክ ያነሰ ንፋስ ጎማውን ያሞቀዋል፣ ጎኑን ይሰነጥቀዋል። ከልክ ያለፈው ያደድረዋል፤ መንገዱንም በደንብ አይጨብጥም። ስለ ሰው ስንጽፍም ያው ነው። ለአንዱ ስንነፋለት ሌላው ይተነፍሳል። አንዳንዱን ከሚገባው በላይ ነፍተን በየመንገዱ እናዘልለዋለን፤ አንዳንዱን ያለ ንፋስ ትተን በቸርኬው እናስኬደዋለን።

ከግቢያችን ውጭ ካለው ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ላይ ያረጁ ጎማዎች ተደርድረዋል። አንዳንዶቹ ነገ ተቆርጠው በረባሶ ይሆኑና እንደገና ሰው ይሸከማሉ። ቀጣዩን ጎማ ስታዩ በጎኑ ላይ የተጻፈውን ስም አንብቡ። ከዚያም ያልተጻፉትን ስሞች አስቡ፤ የስቶንሄቨኑን ወጣት፣ የሽቦውን ሰው፣ ስማቸው ያልተመዘገበውን የኮንጎ መንደርተኞች። ጎማው በውስጡ ያለውን ንፋስ አያሳይም። የሚሸከመው ግን ያ የማይታየው ነው።